ግፊያው ሲቆም

የሥነ ሕይወት መምህሩ አንዳርጌ ትንሿን ልጁን ይዞ ከሚስቱ ወንድም ከይርሳው ጋር ጫካ ወርዷል። ይዘውት የመጡትን ሥጋ በእርጥብ እንጨት ሰክተው ጠብሰው እየበሉ አንዳርጌ ለይርሳው ስለሚያስተምረው ትምህርት ያወጋዋል።

«እያንዳንዱ ሴል ጉልበቱን እያፈሰሰ ጨውን በሽፋኑ በኩል ወደ ውጭ ሲገፋ ይኖራል። ያ ግፊያ የቆመ ዕለት ልብም ትቆማለች።»

«ምን ያቆመዋል?» አለ ይርሳው እያላመጠ።

«የመረንዝ ዛፍ መርዝ። አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡት።»

«ዛፉ ምን ይመስላል?»

«ቅጠሉ ወፍራም፣ አበባው ነጭ፣ ሽታው የሚያውድ።»

ይርሳው ማላመጡን ተወ። በእጁ የያዘውን እንጨት አየው።

«ጋሼ... እንጨቱን የቆረጥኩት ከእንዲህ ያለ ዛፍ ነው።»

አንዳርጌ ደነገጠ። ዞር ሲል፣ ትንሿ ልጁ ሥጋዋን ጨርሳ ባዶውን እንጨት ትመጥጣለች።