የሊንከን ችንካሮች

ብዙአየሁ እርሳስ እየቀረጸላት፣ ልጁ ሃሌሉያ ነገ ክፍል ውስጥ የምታቀርበውን ታነብለት ነበር። «ሊንከን እናቱ ስትሞትበት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ልክ የኔ ዕድሜ። የሬሳ ሣጥኗን የእንጨት ችንካሮች በእጁ ጠርቧል ይባላል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖም ልጁ ሞተበት፤ እያዘነ አገር መራ።»

መቅረጫው እጁ ላይ ቆመ። ሃሌሉያን እስከ ስድስት ዓመቷ አዲስ አበባ ያሳደጓት የእሱ እናት ካረፉ አምስት ቀናቸው ነበር። «ፕሬዘንቴሽኗ ይለፍ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጥተው መርዶዋን ይነግሯታል» ብሎ በስደት የሚኖሩበትን ሰፈር፣ የፋልከንሪጅን ሐበሻ ሁሉ ዝም ያሰኘው እሱ ራሱ ነው።

«ሊንከንን ግን ልጅ ነው ብለው አልደበቁትም» አለች፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

«ምኑን?» አለ፣ ሊያያት አፍሮ።

«ጋራዥ ውስጥ በስልክ ስለ አያቴና ስለ ቅዳሜው እያወራህ ስታለቅስ ሰምቼሃለሁ። ኢትስ ኦኬ አባዬ። ቅዳሜ ሲነግሩኝ ገና እንደሰማሁ ሆኜ አለቅሳለሁ።»