ያለ ጉዳይ

መምህሩ ለአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቹ ስለ አሜሪካ የተፈጥሮ ጸሐፊዎች ሲያስተምር፣ "እነዚህ ሰዎች ጫካውንም ወንዙንም ያወቁት ያለ ጉዳይ በመዞር ነው" አላቸው። የቤት ሥራም ሰጠ። ቅዳሜ ከቤት ወጥተው እግራቸው ወደመራቸው እንዲሄዱ ነበር። "ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ የትም በሉት።"

ቅዳሜ ከሰዓት የተማሪዋ የረድኤት አባት ከፖሊስ ጣቢያ ደወሉለት። ልጅቷ የመብራት ማከፋፈያውን አጥር ይዛ ስትዞር ጥበቃዎች ይዘዋታል። ወዴት እንደምትሄድ ሲጠይቋት "የትም" ብላለች። ማንን ፈልጋ እንደመጣች ሲጠይቋት ደግሞ "ማንንም።"

መምህሩ ጣቢያው ሲደርስ አባቷ ከፖሊሱ ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል።

"እንኳን መጡልኝ መምህር" አሉ። "ዙሪ ያለኝ መምህሬ ነው ትላለች። በእርስዎ ላይ እንዲህ ያለ ውሸት። አፈርኩ።"

ረድኤት ቀና ብላ አየችው። ፖሊሱ እስክሪብቶውን እንደያዘ ይጠብቃል። መምህሩ "እውነቷን ነው" ሊል አፉን ከፈተ።

"ልጅ ናት" አለ። "ይቅር በሏት።"

አባቷ እጁን ይዘው አመሰገኑት። ፖሊሱ ወረቀት ወደ እሱ ገፋ አደረገና፣ "ሁለተኛ ያለ ጉዳይ እንደማትዞር ዋስ ይሁኗት" አለው።

መምህሩ ፈረመ።