አንድ ዙር እለፊ

ንጋትና ወዳጇ ሰብሌ ላሊበላ ቁጭ ብለው የሠሩት የሰሌዳ ጨዋታ ከሙጃ እስከ ገነተ ማርያም በዳይስ ያስኬዳል። ዘንድሮ ሃያ አዳዲስ ካርዶች ጨመሩለት። ንጋት በወፍራም ወረቀት አሳትማ፣ ላሚኔት አስደርጋ፣ ማዕዘናቸውን በመቀስ አድበለበለችው። ከሱቅ የተገዙ ይመስሉ ነበር።

ሊሞክሩት ሲቀመጡ ንጋት የመጀመሪያውን አንስታ አነበበች፦ «ወዳጅሽ ጨዋታውን በስሟ ብቻ አስመዝግባዋለች። አንድ ዙር እለፊ።»

እንዲህ ያለ ካርድ አላሳተመችም።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም!» አለች ሰብሌ፣ ፊቷ አመድ መስሎ። «ደግሞም ውሸት ነው፤ ማርያምን!»

ንጋት ልታምናት ፈለገች። ቀጣዩን ካርድ ገልብጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«ማርያምን ብላ ዋሸችሽ። የምዝገባ ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።»

ሰብሌ ቦርሳዋን ቀስ ብላ ወደ ደረቷ አስጠጋች።