ዘጠና አራት

የብሎክ አሥራ ሁለት ነዋሪ መቶ ነው። ዘጠና አምስቱ እስኪከተቡ የሕንፃው በር አይከፈትም፤ ከነርስ በቀር የሚወጣም የሚገባም የለም። ሕጉ ለሁሉም ብሎክ አንድ ነው። ዛሬ ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ ዘጠና አራት ይላል።

ዘርትሁን ከጠዋት ጀምሮ ያልተከተበ ሰው ፍለጋ በየፎቁ ስታንኳኳ ዋለች። ከሕንፃው ውጭ የምትኖረው ልጇ ከወለደች ሦስት ሳምንት ሆናት፤ የአራስ ገንፎ የምትልክላት በበሩ ቀዳዳ ነው። የልጅ ልጇን ገና አላቀፈችም።

"ሌላው ከተከተበ የእኔ ምን ይጠቅማል?" አላት አንዱ ጎረቤት።

"ኧረ በፈጠረህ!" ብላ ጥላው ወረደች።

ምድር ቤት ነርሷ ሲስተር ሕሊና ዕቃዋን እየሸከፈች ነበር።

"ጨረስሽ? አንድ ሰው እኮ ነው የጎደለን!"

"አንድ መርፌ ተርፎኝ ነበር፣ እማማ። ሁለት ሰዎች 'እርስዎ ይቅደሙ'፣ 'ኧረ በጭራሽ፣ እርስዎ!' ሲባባሉ የተከፈተው መድኃኒት ሰዓቱ አለፈበት። ደፋሁት። እንግዲህ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው።"

"እነማን ናቸው? ጆሯቸውን ነው የምቆርጠው!"

ሲስተር በአገጯ ወደ አግዳሚው ወንበር አመለከተች። ጎረቤታቸው አቶ ሽበሺ አንገቱን ደፍቷል። አጠገቡ የተቀመጠው የራሷ ባል ይመኑ ነው፤ እጀታው እንደተጠቀለለ።

"ታዲያ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው ልቅደመው?" አለ ቅር ብሎት።

ይኼኔ በሩ ከውጭ ተንኳኳ። በበሩ ላይ ባለችው ጠባብ መስታወት ማዶ ልጃቸው ሕፃኑን ከፍ አድርጋ ይዛ ቆማለች። ባልና ሚስቱ ሮጡ፤ መስታወቷ ግን ከአንድ ፊት በላይ አትችልም።

ይመኑ ገለል አለላት።

"አንቺ ቅደሚ" አላት።