የመንደሬ ወፍ

አቀናባሪው «የመንደሬን ወፍ ፉጨት ነው ያስገባሁበት» እያለ በየሬዲዮ ጣቢያው ሲኩራራበት የኖረው ዘፈን እንደገና ሊወጣ ነው። ድምፃዊቷ ትርንጎ ስቱዲዮ መጥታ አዲሱን ቅጂ ሰማችና ፊቷን አጨማደደች።

«ጋሼ፣ ወፏስ? ሰርገኛው እኮ የሚጨፍረው እሷን እየጠበቀ ነው!»

ኮምፒውተሩን ሲቀይር የዋሽንት ድምፅ የሚያወጣለት አሮጌ ሶፍትዌር አልሠራ ስላለው፣ አዲሱን ገዝቶ ነበር የጫነው። ዋሽንቱ እንደ ድሮው ያንቆረቁራል፤ ወፏ ግን የውሃ ሽታ ሆናለች። ሦስት ቀን ሙሉ ፈለጋት። ቢቸግረው ለሶፍትዌሩ ሠሪዎች ጻፈላቸው። መልሱ ሲመጣ ትርንጎ አጠገቡ ነበረችና ጮክ ብላ አነበበችለት፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ፉጨቱ ሶፍትዌራችን ሳይገዛ ሲሠራ በየሃያ ሰከንዱ የሚያሰማው ማስጠንቀቂያ ነበር። ዘግይተውም ቢሆን ስለገዙት እናመሰግናለን።»