ቨርዥን ዘጠኝ ላይ የነበረችው እናቴ

ሽሮው ሲገነፍል ማንም አልጮኸብኝም። እማዬ ከሞተች ጀምሮ የምትኖረው በቤታችን ፕሮግራም ውስጥ ነው። ድስት ጥጄ ስዘናጋ ከግድግዳው «ምንቴ፣ እሳቱን!» የምትለኝ እሷ ናት። የምትሠራው ግን በቨርዥን ዘጠኝ ብቻ ነው። ባለቤቴ ይድነቃቸው ፕሮግራመር ነው፤ ስንጋባ ቤቱን ከዘጠኝ አላነሳውም ብሎ እሷው እየሰማች ምሎልኛል።

ምድጃውን አጥፍቼ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባሁ።

«ቤቱን ነካክተኸዋል?»

«ደንበኞቼ ሁሉ ወደ አሥራ ሁለት ገብተዋል። እዚህ በዘጠኝ የምጽፈው ፕሮግራም እነሱ ጋ አልሠራ እያለ አስቸገረኝ፤ ቤቱንም ወደ አሥራ ሁለት አሳደግኩት።» ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። «እሷንም አስቀድሜ ላፕቶፔ ላይ ሞክሬያታለሁ። በደንብ ትሠራለች።»

«መቼ ነው የሞከርካት?»

«ባለፈው ሳምንት።»

ሳምንቱን ሙሉ ከአንድ ትሪ አብሮኝ ሲበላ ትንፍሽ አላለም።

«መልሰው።»

«ዘጠኝ እኮ ተሰርዟል፣ ምንቴ።»

ወደ ኩሽና ተመልሼ ወደ ግድግዳው «እማዬ?» አልኩ።

«አቤት» አለች፣ በዚያው በራሷ ድምፅ። «ማን ልበል?»