የተዘጋ ድምፅ

ወረርሽኙ ዳግመኛ ሲያገረሽ ማንጠግቦሽ የምትሠራበት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተዘጋ። በሳምንቱ፣ «ከፋብሪካው ጤና ክፍል፤ ወደ ሥራ ለመመለስ ይህን ጽሑፍ ጮክ ብለሽ አንብበሽ ድምፅሽን ላኪ» የሚል መልእክት ስልኳ ላይ ገባ። ሥራ መፍታት አንገብግቧት ስለነበር ሳትጠራጠር አንብባ ላከች። መልእክቱ የሌቦች ነበር። በሰረቁት ድምፅዋ ለባልደረቦቿ እየደወሉ ስንቱን አታለሉ።

በዚያ ዘመን ድምፅ እንደ ፊርማ ነበር፤ የተሰረቀ ድምፅ ደግሞ በሕግ ለአንድ ዓመት ይዘጋል። ማንጠግቦሽ አፏን በከፈተች ቁጥር የትኛውም ስልክ ድምፅዋን ይውጠዋል።

የስድስት ዓመት ልጇ ምንትዋብ ታማ ለይቶ ማቆያ ስትገባ፣ ጎረቤቷ እትዬ በዛብሽ ሊያነጋግሩላት ደወሉ።

«እናትሽ አይዞሽ ትልሻለች፤ ገንፎሽን ብዪ ትልሻለች» አሉ።

ልጅቷ፣ «እትዬ በዛብሽ፣ እማዬ ሞታ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ ምን በወጣት! ይኸው አጠገቤ ተቀምጣለች።»

«ታዲያ እሷ ለምን አታወራኝም?»

ማንጠግቦሽ ስልኩን ከእጃቸው ነጥቃ፣ «አለሁ! አለሁልሽ ልጄ!» እያለች ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች።

ከወዲያ የልጅቷ ድምፅ መጣ።

«ምነው ዝም አላችሁ?»